ባለሦስት እጁ መሥራች

«ዓምሃዬ፣ ዛሬ የግሮንላንድ ሰፈር መንገዱ መስታወት ሆኗል እኮ። ከቲባኔው ባቡር ወጥቼ እዚህ እስክደርስ ሦስት ጊዜ ሰማዩን አይቻለሁ፤ ሁለቴ ቀና ብዬ፣ አንዴ በጀርባዬ ተንጋልዬ። የምሠራበት ሲኬየም፣ የአዛውንቶች መጦሪያው፣ ያሉት አሮጊቶች ምን እንዳላቸው ታውቃለህ? ከጫማቸው ሥር የሚታሰር ሹል ብረት። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ነው የሚሰጣቸው። ዘጠና ዓመት ሞልቷቸው እንደ ፍየል ይራመዳሉ። እኔ ግን በአርባ ስድስት ዓመቴ… ተወኝ እስቲ። ሻይ አለ?»

እትዬ አባይነሽ ይህን ሁሉ ያሉት የካፖርታቸውን ቁልፎች ፈተው ሳይጨርሱ ነው። ዓምሃ ከኮምፒዩተሩ ፊት ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸውና ቶሎ ተቀመጠ። ዓይናቸውን ላለማየት ነው። ከጀርባው ግድግዳው ላይ በአራት ፒን የተሰካ አንድ ትልቅ ወረቀት አለ፤ እሳቸው ገና አላዩትም።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ከተማው ኦስሎ፣ ዓመቱ በፈረንጅ ዘጠና ሰባት፣ ወሩ ጃንዋሪ። የስደተኞቹ ማኅበር አሥረኛ ዓመት በዓል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የበዓሉ መጽሔት በዲስክ ተጭኖ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ማተሚያ ቤት መድረስ አለበት። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት የሽፋኑ ናሙና ነው፦ የመሥራቾቹ ፎቶግራፍ።

ፎቶው በሰማንያ ሰባት ፌብሩዋሪ ኤከበርግ ኮረብታ ላይ የተነሳ ጥቁርና ነጭ ነው። ዘጠኝ ሰዎች በረዶ ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ጋሽ ጥሩነህ፣ አሥር ዓመት ሙሉ አራት ቦታ አጥፈው በኪስ ቦርሳቸው ይዘውት ኖሩ። ከእጥፋቶቹ አንዱ ያለፈው በአንድ ሰው ፊት ላይ ነው። ያ ሰው በቃሉ ይባላል። ሌሎቹን ስምንት ሰዎች አንድ በአንድ ፈልጎ ያሰባሰበው እሱ ነበር፤ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። የእትዬ አባይነሽ ባል ነው።

ዓምሃ ሥራ ፈላጊዎች በሚላኩበት የስድስት ወር ኮርስ ይህን ነው የተማረው፦ አሮጌ ፎቶ ስካን አድርጎ ጭረቱንና አቧራውን ማጥፋት፣ የተሰነጠቀውን መግጠም፣ በመጨረሻም ቡናማ ቀለም ማልበስ። የበቃሉን ፊት ለመመለስ አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት። ግማሽ አፍንጫ ከጥላው፣ አንድ ቅንድብ ከሌላው ቅንድብ እየገለበጠ፣ በነጥብ በነጥብ ሠራው። ሊያስረክብ ሲል የማኅበሩ ሰብሳቢ መጣ። ሰብሳቢው አየና ፊቱ አንዴ ተበላሽቷል፣ በተበላሸ ፊት ፋንታ ጤነኛ ፊት ይግባ አለ። ከደረት ኪሱም አንድ ፎቶ አወጣ። የራሱ ነው፤ በበጋ ሐይቅ ዳር የተነሳው፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ክንዶቹን ደረቱ ላይ አጠላልፎ።

ሰብሳቢው ኖርዌይ የገባው በፈረንጅ ዘጠና፣ ፎቶው ከተነሳ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዓምሃ ይህን ያውቃል። እንደ ልማዱ በወረቀት ላይ ሰባት ጥርጣሬ በቁጥር ጻፈና ሰጠው፦ ሸሚዙ፣ እግሩ፣ ጥላው፣ መነጽሩ… ሰብሳቢው ሳቀ። ቡናማው ሁሉን ይሸፍነዋል፣ አንተ ደግሞ መጠራጠር ታበዛለህ አለው። ዓምሃም እውነትም አበዛ ይሆን ብሎ ራሱን ተጠራጠረ። በዚያ ላይ አሁን የሚለማመድበትን የማተሚያ ቤት ቦታ ያገኘው በሰብሳቢው ደብዳቤ ነው። በሚቀጥለው ወር ለማደሻ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። እናም የተባለውን አደረገ።

አሁን በማኅበሩ ምድር ቤት ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች አሉ። ጋሽ ጥሩነህና ሌላዋ የማኅበሩ አባል ፋናዬ የጥሪ ካርድ እያጠፉ ፖስታ ውስጥ ይከታሉ። ሰብሳቢው በጠረጴዛው ጫፍ የተጋባዦችን ስም እያነበበ በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ዓምሃ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። እትዬ አባይነሽ ደግሞ ሻያቸውን ይዘው ግድግዳው ፊት ቆመዋል።

ስኳሩን ያማስሉ ነበር። ማንኪያው ቆመ። ዓምሃ በስክሪኑ መስታወት ላይ የእሳቸውን ጥላ አየ። ማንኪያው ብዙ ቆየና እንደገና መዞር ጀመረ። ከዚያ የመጣው ድምፅ የሃያ ዓመት ኮረዳ ድምፅ ነው፤ ቀልጠፍ፣ ሳቅ ሳቅ ያለ።

«እንዴት ያምራል፣ በናትህ። ቡናማው ራሱ… ልክ እንደ ድሮ። ሰው ሁሉ ማር የተቀባ መስሏል። ና እስቲ፣ አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ አስረዳኝ። ይህን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ታውቃለህ አይደል? ካሜራው የኔ ነበር፤ ለዚህ ነው እኔ የሌለሁት። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ እያየሁ ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ። አሁንም ቆጠርኳቸው፤ ዘጠኝ። ሂሳቡ ልክ ነው። አንድም አልጎደለ። እኔን ያስገረመኝ የራሴ ዓይን ነው። አንድ ሰው እንደዚህ ሆኖ መሐላቸው ቆሞ… እኔ እንዴት ሳላየው ቀረሁ? ያን ጊዜ መነጽር አላደርግም ነበር እኮ። እሱ አድርጎ ኖሯል።»

ፋናዬ ፖስታ ለመላስ ያወጣችውን ምላስ ሳትመልስ ቀረች።

«ከዜሮ በታች አሥራ አራት ነበር፣ ዓምሃዬ። አሥራ አራት። አንዱ ጓንት ስላልነበረው ካልሲውን በእጁ አጥልቆ ነበር፤ እዚያ ጥግ ላይ አለልህ፣ እየው። እኔ ጣቴ ደርቆ ማንሻውን በአገጬ ልጫነው ምንም አልቀረኝም። ይሄ የኔ ጌታ ግን… ክንዱን ገልጦ፣ የአንገቱን ቁልፍ ፈትቶ። ምን ዓይነት የወገን ፍቅር ቢሆን ነው ሰውን እንዲህ የሚያሞቀው? ጎኑ የቆሙት ሰዎች እንዴት አልሞቃቸውም? እኔ ብሆን ኖሮ እጄን ዘርግቼ እሞቀው ነበር።»

ጋሽ ጥሩነህ ማሳል ጀመሩ። የሚያስላቸው ሳል አልነበረም። ፋናዬ የካርድ ክምር ፊቷ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ዓምሃ ራሱ ከንፈሩን ነክሶ ይዟል። ሊስቅ ነው፣ ሊያለቅስ ነው፣ እሱም አላወቀውም። ከሰባቱ ጥርጣሬዎቹ አንደኛው ሸሚዙ ነበር፤ እትዬ አባይነሽ ወረቀቱን እንዳነበቡት ሁሉ በተራ እየሄዱበት ነው። ሁለተኛው እግሩ ነው።

«እግሩንስ አየህልኝ? ሌሎቹ እስከ ጉልበታቸው ሰጥመዋል። እነሱን ከዚያ በረዶ ለማውጣት እንዴት እንደተጎተትን እኔ አውቃለሁ። ይሄ ግን ላዩ ላይ ነው የቆመው። ምልክት እንኳ አላሳረፈበትም። አንዳንድ ሰው ሲፈጠር እንዲህ ነው፤ ክብደት የሚባል ነገር የለውም። የትም ብታስቀምጠው ጉድጓድ አይተውም። ደግሞ ጥላውን ፈልጌ ፈልጌ… የስምንቱ ጥላ ወደዚህ ወድቋል፣ ረጅም ረጅም ሆኖ። የእሱ የለም። ጨዋነት እኮ ነው። በሰው ላይ ጥላ መጣል አይፈልግም። አንተ እንደዚህ ያለ ጨዋ ሰው ታውቃለህ? እኔ አላውቅም። ስሙን ባውቀው እንዴት ደስ ባለኝ። ይሄ ጥቁር መነጽር ነው የጋረደብኝ፤ ማን እንደሆነ ልለይ አልቻልኩም።»

ሰብሳቢው እርሳሱን አንድ ስም ላይ እንደተከለ ነው። ያ ስም ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል። ጆሮው ቀልቷል፤ አፉ ግን እንደተዘጋ ነው። መልስ ቢሰጥ ምን ብሎ ይሰጣል? እሱ እኔ አይደለሁም ቢል ፎቶው አለ። እኔ ነኝ ቢል… በረዶው አለ። አሽሙር ደግሞ መጀመሪያ የመለሰለትን ሰው ባለቤት የሚያደርግ ነገር ነው። ሰብሳቢው ይህን ለማወቅ በቂ ዕድሜ አለው። ወረቀቱን ገለጠ።

«ትሕትናውም ትሕትና ነው፣ ዓምሃዬ። አሥር ዓመት ዝም። እዚያ ነበርኩ ብሎ አያውቅም። እኛ እዚህ አገር ገብተን አሲል፣ ጥገኝነት፣ ጠይቀን ሁለት ዓመት ከስድስት ወር ጠበቅን፤ ለካ አንዳንዱ ሰው ቪዛ ሳይጠይቅ፣ ፖሊስ ሳያየው፣ አውሮፕላን ውስጥ ሳይገባ ይመጣል፤ ኮረብታ ይወጣል፣ ማኅበር ይመሠርታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ተመልሶ ሄዶ ደግሞ በደንብ በሕጉ ይመጣል። ለማኅበሩ ሲል ሁለት ጊዜ ተሰዷል ማለት ነው። ከእኛ መሐል ሁለት ጊዜ የተሰደደ አለ? ጋሽ ጥሩነህ፣ እርስዎ ስንት ጊዜ ተሰደዱ? አንድ ጊዜ ብቻ። አዩ።»

ፋናዬ ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻለችም። ውኃ ልጠጣ ብላ ወደ መታጠቢያው ሮጠች፤ ቧንቧው ቢከፈትም ሳቋን ሊሸፍነው አልቻለም። ሳቁ ደግሞ ይጋባል። ጋሽ ጥሩነህ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ በስብሰባ ላይ እንኳ ፈገግ የማይሉ ሰው፣ ጠረጴዛውን ጨብጠው እንባቸውን በክርናቸው ይጠርጋሉ።

እትዬ አባይነሽ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ወደ ወረቀቱ ቀረብ አሉና ጣታቸውን ሳያስነኩት በአየር ላይ መቁጠር ጀመሩ።

«አንድ ነገር ብቻ… እጁን ልቁጠርለት። ደረቱ ላይ ያጠላለፋቸው እነዚህ ሁለት ናቸው። ጋሽ ጥሩነህን የያዘች ደግሞ ይቺ አንዲት። ሁለትና አንድ። ዓምሃዬ፣ አንተ በቁጥር ጠንቃቃ ነህ፤ ስንት መጣልህ? እኔም እንደዚያው ነው የመጣልኝ። እንግዲህ ተመልከት፣ እኛ በሁለት እጅ የዚህን ማኅበር ወንበር ተሸክመን ወገባችን ተቆረጠ። ይሄ ሰው ሁለቱን እጅ አጥፎ አስቀምጦ በሦስተኛው ነው የሚሠራ። አልደከመውማ። ታዲያ እንዴት ይድከመው?»

እዚህ ላይ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። ጋሽ ጥሩነህ የገዛ ቀኝ መዳፋቸውን እያዩ ነበር።

ያቺን የበቃሉን እጅ ዓምሃ ያውቃታል። ሊያወጣት ሦስት ቀን ታግሏል። ጣቶቹ ከጋሽ ጥሩነህ ጣቶች ጋር ተቆላልፈዋል፤ የትኛው የማን እንደሆነ በትንሽዋ ነጥብ እንኳ አጉልቶ አይቶ ሊለይ አልቻለም። በቆረጠ ቁጥር የጋሽ ጥሩነህ ጣት አብሮ ይሄዳል። በመጨረሻ ተዋት። ስለተዋትም ሲያፍር ነበር፤ ያልተጣራ ሥራ አይወድም።

«ለምን እንደተያያዙ ታውቃለህ?» አሉ እትዬ አባይነሽ። ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ፍጥነቱ ብቻ ቀነሰ። «ለሁለት አንድ ጥንድ ጓንት ነበራቸው። አንዱ የግራውን፣ አንዱ የቀኙን ያደርጋል። መሐል የቀሩትን ሁለት ባዶ እጆች እንዲህ ያያይዟቸዋል፤ እርስ በርስ እንዲሞቁ። ያን ዓመት ሙሉ ኦስሎን የዞሩት እንዲያ ሆነው ነው። ኖርዌጂያኖቹ ዞር እያሉ ያዩአቸው ነበር፤ እነሱ ምን ግዳቸው። ደግሞ ይቺ እጅ ቀለበት አላት። የባለ መነጽሩ ሰውዬ ቀለበት ነዋ። የት እንዳሠራው ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔም… ቁርጥ እሱን የሚመስል አለኝ። እነሆ። እንዴት ያለ መገጣጠም ነው? ይህን የሠራው ልጅ ማንም ይሁን ማን እጁ ይባረክ። እንደው ይቺን እንኳ ትቶልኝ… ሰላም የምላት አገኘሁ።»

ዓምሃ ፊቱ ጋለ። ዓይኑ ውስጥ ስክሪኑ ተድበስብሶበታል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህማ። ለማወቅ ያህል ነው። ሥራ ቦታ ልጆቹ ስለ ኮምፒዩተር ሲያወሩ እኔ ለአሮጊቶቹ ሙዝ እየላጥኩ ዝም ነው የምል። ይሄ መኪና… ያስወጣውን ሰው ይመልሳል? ወይስ አንዴ የወጣ ወጣ?»

መልሱን ዓምሃ በደንብ ያውቀዋል። ፕሮግራሙ የሚመልሰው የመጨረሻዋን አንዲት እርምጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት የሆነው ሆኗል። ስለዚህ አብረውት የተማሩት ሁሉ በድፍረት ይሠሩና ሲበላሽ ያለቅሱ ነበር። እሱ ግን ድፍረት የለውም። አንድ ጭረት ባጠፋ ቁጥር፣ ልክ ነበርኩ ይሆን እያለ፣ ሥራውን በአዲስ ቁጥር ያስቀምጣል። ኮርሱ ላይ ስቀውበታል። ዚፕ በሚባለው ትልቅ ዲስኩ ውስጥ ሃያ ሦስት ፎቶዎች አሉ፤ ሁሉም አንድ ፎቶ ናቸው። በአሥራ አራተኛው ላይ የበቃሉ ፊት አልቋል። ሰብሳቢው የገባው በአሥራ አምስተኛው ነው።

የሰብሳቢውን ጀርባ አየ። ደብዳቤውን አሰበ። ደብዳቤው ካልመጣ ማተሚያ ቤቱ የለም፤ ማተሚያ ቤቱ ከሌለ ወደ አልናብሩ መጋዘንና ወደ ካርቶን መሸከሙ ነው። ማውሱን ያዘ። ከዚያ አሥራ አራት ቁጥርን ሁለቴ ተጫነ።

ኮምፒዩተሩ ዘገምተኛ ነው፤ ፎቶውን ከላይ ወደ ታች በጭረት በጭረት ነው የሚያመጣው። መጀመሪያ ሰማዩ መጣ። ከዚያ የጥድ ጫፎች። ከዚያ የሱፍ ቆቦች፣ ግንባር፣ ቅንድብ። ጋሽ ጥሩነህ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ። ፋናዬ እጇን ሳታደርቅ ተመልሳ መጣች። እትዬ አባይነሽ ከዓምሃ ትከሻ በላይ ጎንበስ አሉ፤ ትንፋሻቸው በጆሮው ሥር ይሰማዋል። ሁለቱ ዓይኖች መጡ፣ ቀጥሎ አፍንጫው፣ ቀጥሎ ሊስቅ ሲል የተያዘ አፍ።

ከደረጃው በላይ ያለው የግሮንላንድ ትራፊክ ብቻ ይሰማ ነበር።

«አፍንጫው ትንሽ ቀንቷል» አሉ እትዬ አባይነሽ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ። «እሱ ወደ ግራ ጎበጥ ይል ነበር። ልጅ ሆኖ በቅሎ ጥላው ነው። ግድ የለም፣ አንተ አሳምረህለታል። ይህን ቢያይ ይኮራብህ ነበር… እኔ ግን የጎበጠውን ነው የማውቀው።»

ዓምሃ እርሳሱን አንስቶ ማስታወሻው ላይ «አፍንጫ፣ ወደ ግራ» ብሎ ጻፈና ወዲያው እዚያው አስተካከለው። አራት ነጥብ ወደ ግራ ገፋው። እትዬ አባይነሽ ትንሽ አሰቡ፤ ዓምሃ አንድ ነጥብ ጨመረ። በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ የታረመውን ፎቶ በሽፋኑ ገጽ ላይ፣ በባለ መነጽሩ ምትክ አስገባ፤ ቡናማውን አለበሰው፤ ማተሚያ ቤት በሚሄደው ዲስክ ላይ ጫነው። ይህን ሁሉ ያደረገው ማንንም ሳያማክር ነው። በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም።

ሰብሳቢው ተነሳ። አፉን ከፈተ። አራት ሰዎች በአንድ ላይ ዞረው አዩት፤ በጣም በትሕትና፣ በጣም በጉጉት፣ የሚለውን ለመስማት። አፉን ዘጋው። የእጅ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ መልሶ ተቀመጠ።

«ያን ሰውዬ ግን እንዳትጥለው፣ አደራ» አሉ እትዬ አባይነሽ ወደ ዓምሃ ዞረው፤ ያ ሳቅ ሳቅ የሚለው ድምፅ ተመልሷል። «ወደ በጋው መልሰው። እዚያ ሣር ላይ እግርም ይኖረዋል፣ ጥላም ይኖረዋል። ሁለት እጅም ይበቃዋል። መቼም ከእኛ ጋር በረዶ ላይ ይህን ያህል ከቆመ አይቀር ሳልመርቀው ብሄድ እግዜሩም አይወድልኝ። ስሙን ባላውቀውም እሱ ያውቀዋል። ተነሱ እስቲ፣ ልመርቅ። ምርቃት ተቀምጦ አይሰማም።»

ሁሉም ተነሱ። ሰብሳቢውም ተነሳ፤ ምን ያድርግ። መዳፎች ሁሉ ተዘረጉ። እትዬ አባይነሽ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ እንደ እናት በለሰለሰ ድምፅ ጀመሩ።

«ያ ሰው በያለበት ጤና ይስጠው።»

አሜን።

«ዕድሜ ይጨምርለት። የልጅ ልጅ ያሳየው።»

አሜን። የሰብሳቢው ትከሻ ትንሽ ወረደ፤ የመጣው ሁሉ አልፎ ሄዶ የቀረው ምርቃት ብቻ መሰለው።

«ሥራው ይባረክለት። ሃያኛውንም፣ ሠላሳኛውንም ዓመት በጤና ያክብር።»

አሜን። አሁን የሰብሳቢው ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማ ነበር።

«እሱ ከፊቱ የነበሩትን እንዳስታወሰ፣ ከኋላው የሚመጡትም እሱን ልክ እንደዚሁ አድርገው ያስታውሱት።»

ሰብሳቢውም፣ አፉ ለምዶ ነበርና፣ ከሁሉ ቀድሞ አሜን አለ።